ጡሩንባው የተነፋልህ ቀን

ይድረስ ከዓይኔ ርቀህ ከአፌ ላልጠፋኸው ወንድሜ ለማርቆስ። እንደምን አለህ? እንደምን ከረምክ? ያ ብርድ ሲነካው የሚነሳብህ ጎንህስ ተሻለህ ወይስ ዛሬም በግራ በኩል መተኛት አትችልም? እዚያ አሁን ክረምቱ እየገባ ነው ይባላል፤ የሚሞቅህ ልብስ አለህ? ምግብህን ማን ይሠራልሃል? ከማን ጋር ትስቃለህ? ይህን ሁሉ የምደረድረው ለወጉ ያህል እንዳይመስልህ፤ የእያንዳንዱን መልስ ከልቤ ስለምፈልገው ነው። እኛ ከአንተ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነን ብዬ ልቀጥል ነበር። ግን ደህና አይደለንም፤ ናፍቆቱም ናፍቆት መሆኑ ከቀረ ሰነበተ።

በስልክ ያልነገርኩህ ስለማታነሳው ነው። ይጠራል፣ ይጠራል፣ ከዚያ ያቺ ሴትዮ በእንግሊዝኛ ታሰናብተኛለች። ስለዚህ ይህን ወረቀት ለጎረቤታችን ለቀጄላ እሰጠዋለሁ፤ ሰኞ ወደ ታላቅ ወንድሙ ወደ ደርባን ይበራል። ያ ወንድሙ በፋሲካ ሰሞን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ እንዳየህ፣ ጺምህን አሳድገህ እንደነበር፣ ሰላም ሲልህም እንዳላየ ሆነህ እንዳለፍከው ነግሮናል። ስለዚህ በሕይወት መኖርህን አውቃለሁ። የምጽፍልህ በዚህ ቤት ውስጥ ስለሞትክ ነው። ቁጭ ብለህ አንብበው።

እንደምታውቀው ዘንድሮ ከዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ነኝ። የፊልም፣ የቴሌቪዥንና የሬዲዮ ትምህርት ክፍል ደረሰኝ ብዬ የነገርኩህ ቀን፣ በቃ እኛ ቤት ቴሌቪዥኑን የሚጠግን ሰው ተገኘ ብለህ ስቀህብኝ ነበር። ቴሌቪዥኑ እስካሁን አልተጠገነም፤ እኔም ካሜራውን ትቼ ልቤ ድምፅ ላይ ወደቀ። እውነቱን ለመናገር ልቤ ብቻ አይደለም። ካሜራ ይዞ የሚሠራ ሰው ውጭ ይውላል፣ ያመሻል፣ ክፍለ ሀገር ይወጣል። አንተ ከሄድክ ወዲህ ግን እማዬ እኔን እዚሁ ቅርብ ሳንሱሲ ድረስ እንኳ ብቻዬን ስትልከኝ ስልኬ አያርፍም። ታክሲ ያዝሽ ወይ፣ ወረድሽ ወይ፣ አጠገብሽ ማነው ያለው። ማርቆስ፣ አንተ የወጣህበት በር የተዘጋው በእኔ ላይ ነው። ይህን ሳልናገር ብዙ ጊዜ ቆይቻለሁ፤ አሁን ግን ተናገርኩት።

ስለዚህ ለመመረቂያችን እዚሁ ቤታችን ግቢ ውስጥ ሊቀዳ የሚችል የሬዲዮ ድራማ መረጥን። ሥራው የሦስታችን ነው፤ ሄቨን ትተውናለች፣ ኤባ ይቀዳል፣ ድርሰቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ታሪኩ ሰው አገር የሄደ ወንድሟ ስለሞተባት ልጅ ነው። ለምን እንዲህ ያለ ነገር ጻፍሽ እንዳትለኝ። ስልክ የማያነሳ ወንድም ያላት ሰው ሌላ ምን ይመጣላታል?

ድራማው የሚጀምረው በእድር ጡሩንባ ነው። ከኢንተርኔት ያወረድነውን ለመምህር ጉልላት ስናሰማቸው፣ ይሄ ወታደር ይቀሰቅስ እንደሆነ እንጂ ለቀብር አይጠራም ብለው መለሱብን። እውነታቸውን ነው። እኔም የእድራችንን ጡሩንባ ነፊ ጋሽ ደመቀን ለመንኳቸው፤ አባባ ሲያርፍ የነፉትን ጋሽ ደመቀን። ሰው ሳይሞት ጡሩንባ አይነሳም ብለው ድርቅ አሉ። ምላሴን ደግሞ ታውቀዋለህ። ጡሩንባ የሚነፋው ጎህ ሲቀድ አይደለም ወይ፣ በጠራራ ፀሐይ ግቢ ውስጥ ቢነፋ ማን የምር ይለዋል አልኳቸው። አልተበገሩም። ዕድሜዎን ሙሉ የሰው ስም ሲጠሩ ኖረው የእርስዎ ስም አንድ ቀን በሬዲዮ ቢጠራ ምናለበት ስላቸው ግን ፈገግ አሉ። በዚህች ተሸነፉ።

አንድ ጊዜ ብቻ ነፍተው ቢሆን ኖሮ ሰዉ ገርሞት ያልፍ ነበር። ግን የመጀመሪያው ላይ ኤባ መቅጃውን አስጠግቶት ድምፁ ተሰነጠቀ። ሁለተኛው ላይ ረዳቱ ፒያሳ ፒያሳ እያለ ታክሲ አለፈ። ድገሙልን አልናቸው። ሦስተኛው አጥንት ድረስ የሚገባ ነበር፤ ያን ጊዜ ሄቨን ተራዋን ጠብቃ፣ ድርሰቱ ላይ እንዳለው፣ ወይኔ ወንድሜን ብላ ጮኸች። ልጅቷ ስታለቅስ የሰማ ሁሉ እውነት ይመስለዋል።

አሁን አንተው ፍረድ። ከእማዬ፣ ከእትዬ ብርቅዬ ግቢ የእድር ጡሩንባ ሦስት ጊዜ ተነፋ። ከውስጥ አንዲት ልጅ ወንድሜን ብላ ጮኸች። የእትዬ ብርቅዬ ወንድ ልጅ አንድ ነው፣ እሱም ደቡብ አፍሪካ ነው። ማን ይጠይቃል? እኔ በሩን ከፍቼ ላስረዳ ስወጣ የሰፈሩ ሴቶች ደረታቸውን እየመቱ ገቡ፤ ለማስረዳት አፌን ስከፍት እትዬ ሰብሌ አቅፋ ጡቷ ውስጥ ቀበረችኝ። የእድሩ ልጆች ማን እንደሞተ እንኳ ሳይጠይቁ ድንኳኑን በጋሪ አድርሰው እንጨቱን እያወረዱ ነበር። ጋሽ ደመቀ ጡሩንባቸውን እንደያዙ አጥሩ ጥግ ቆመው፣ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ይላሉ፤ ሰው ደግሞ እሳቸውም ሐዘን እንደመታቸው ቆጥሮ ውሃ ያጠጣቸዋል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር።

እማዬ የዚያን ቀን ኮልፌ ያለው የስፌት ሱቋ መብራት ጠፍቶባት፣ ያልተጨረሱ ዩኒፎርሞች በፌስታል ይዛ ቀድማ ተመልሳለች። ከፌርማታው ስትወጣ ድንኳኑን አየች። ከዚያ ስምህን ሰማች። ፌስታሉ ከእጇ ሲወድቅ አየሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ማየት አልቻልኩም። መቅጃው ግን በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ ሁሉንም ቀድቶታል። ጀርባዬን ሰጥቼ የሸኘሁህ ልጄ፣ ዞር ብዬ ሳላይህ፣ ትላለች። ይህንኑ ደጋግማ ነው የምትለው። የሄድክ ለት ተቆጥታ ምድጃው ላይ እንዳጎነበሰች አንተ በሩን ዘግተህ መውጣትህን ይኸው እስከ ዛሬ ይዛው ኖራለች፤ አንድም ቀን ነግራን አታውቅም።

ጮኼ ጮኼ ሰውን ጸጥ አሰኘሁት። ትምህርት ነው፣ ድራማ ነው፣ ማርቆስ ደህና ነው አልኩ። ሰዉ ገባው፤ አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ ረገመኝ። እማዬ እንባዋን ጠረገችና ደህና ከሆነ ደውይለት አለችኝ። ግቢው ሙሉ ሰው ቆሞ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ደወልኩልህ። ጠራ። ጠራ። አላነሳህም። ያን ጊዜ ነጠላዋን ዘቀዘቀችው።

ከዚያ ሐዘን እስከ ዛሬ አልተመለሰችም። እኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃለህ፤ ማንም ሞተ ብሎ አይጀምርም። ለእትዬ ሰብሌ የቤይሩቷን ልጇን ሞት ያረዳቻት ማን መሰለህ? እማዬ ናት። ሙሉ ሳምንት ትንሽ አሟት ሆስፒታል ገብታለች፣ እየተሻላት ነው ስትላት ከርማ ነው። ስለዚህ እኛ ደህና ነው ባልን ቁጥር እየደበቅናት ይመስላታል። ድራማ ነው ስንላት፣ ደንግጣ እንዳትሞትብን የፈጠርነው ዘዴ ይመስላታል። የቀጄላ ወንድም አይቶታል ስላት አንገቷን ነቀነቀች፤ እሱም ተመክሮ ነው አለች። ጋሽ ደመቀ ጡሩንባቸውን በማዳበሪያ ጠቅልለው እግሯ ላይ ወድቀው ቢምሉላት፣ እርስዎ ምን ያድርጉ፣ ታዘው ነው ብላ አጽናንታ ላከቻቸው። አንድ ሰው ሲያምን አይቻለሁ፣ ሲጠራጠርም አይቻለሁ። እንዲህ ያለ መያዣ መጨበጫ የሌለው ነገር ግን አይቼ አላውቅም።

ሱቋን ዘግታለች። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ በርጩማ አስቀምጣ ትቀመጣለች። እኔ ዩኒቨርሲቲ ልሂድ ስላት አትቆጣም፣ አትከለክልም፤ የቀሚሴን ጫፍ ትይዛለች፣ በቃ። ከትልልቆቹ አንዷ ቀርታልኛለች ትላለች። ትንሿን እህታችንን ጸሎትን እንኳ ከትምህርት ቤት እኔ አይደለሁም የማመጣት፤ እትዬ ሰብሌ ናት። ጎረቤቶች ሊጠይቋት ይመጣሉ፤ እንዳያለቅሱ ሟች የለም፣ እንዳይስቁ እሷ አለች። ቡና ጠጥተው፣ የእግዜር ፈቃድ ነው እንዳይሉ ከንፈራቸውን ነክሰው ይወጣሉ። እኔ ደግሞ ማታ ጣሪያውን እያየሁ ያ ስቱዲዮ ይናፍቀኛል። በሩ ሲዘጋ የሚመጣው ጸጥታ። እዚህ ቤት ያለው ጸጥታ ሌላ ነው፤ ያንቃል።

የእሷን ለቅሶ ድራማው ላይ እንዳስገባው ያሰብኩበት ቀን ነበር፤ አልዋሽህም። ኤባ ይዞት ሄዶ ለመምህር ጉልላት አሰምቷቸው ነበር። ሳይጨርሱት ማዳመጫውን ከጆሯቸው አውልቀው፣ ይሄ ድራማ አይደለም፣ ለእናቷ መልሱላት አሉ። ሄቨንና ኤባ ጡሩንባውን ብቻ ይዘው የቀረውን ያለ እኔ ስቱዲዮ ውስጥ ቀዱ። ስሜ ይገባ አይገባ እንኳ አላውቅም።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ድሮ የላክልኝ የድምፅ መልእክቶች ሁሉ ስልኬ ላይ አሉ። ስለ ቡሄ ያወራህበት፣ የጫማ ቁጥሬን የጠየቅህበት፣ ለጸሎት የዘፈንክበት። ከአንዱ እማዬ የሚለውን ቆረጥኩ፣ ከሌላው ደህና ነኝ የሚለውን፣ ከሌላው ደግሞ አታስቢ የሚለውን። በአንዱ ላይ መኪና ይሰማል፣ በሌላው ላይ ዝናብ፤ ሰው መገጣጠሙን እንዳያውቅ የመኪናውን ድምፅ ከስሩ አንጥፌ አስተካከልኩት። አራት ዓመት የተማርኩት ይህንን ነው። ባኞ ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ አዳመጥኩት። አንተ ነህ። ትንፋሽህ ሳይቀር አንተ ነህ። እማዬ ትሰማዋለች፣ ታምነዋለች፣ ነጠላዋን ታቃናለች፣ እኔም በሩን ከፍቼ እወጣለሁ።

ግን አላሰማኋትም። ፈራሁ። አንዴ ካሰማኋት ለእንቁጣጣሽም አሰሚኝ ትለኛለች፣ ለገናም፣ ለፋሲካም። በየበዓሉ እየቆረጥኩ እየቀጠልኩ አንተን ሆኜ ስናገር ልኖር ነው። መቼ ትመጣለህ ብላ ብትጠይቅህ ደግሞ መልስ የለኝም፤ እመጣለሁ የሚለውን ቃል በሁሉም ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። አንድም ጊዜ ብለኸን አታውቅም።

ለምን እንደምትሸሸን አልጠይቅህም። እዚያ ያለው ሱቅህ መዘረፉን ሰምተናል። ባዶ እጄን ምን ብዬ ልደውል ብለህ ከሆነ፣ እዚህ ከእጅህ የሚጠብቅ ሰው የለም፤ የምንፈልገው ድምፅህን ነው። ቀጄላ ይህን ወረቀት ሲሰጥህ ስልኩንም ተቀበለው። በእሱ ስልክ ደውል። ምስልህ እንዲታይ አድርገህ ደውል፤ ጺምህንም አትላጨው፣ ድሮ የተቀዳ እንዳይመስላት። እስከ ሰኔ ሚካኤል እጠብቅሃለሁ። ካልደወልክ የሠራሁትን አሰማታለሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እማዬ የሚደውልላት ልጅ ይኖራታል፤ አንተም ከዚህ ቤት ነፃ ነህ፣ እኔ ግን እስክሞት አልወጣም። ምረጥ።

ጸሎት ጥርሷ ወልቆ አዲስ እያበቀለች ነው፤ ሳሚልኝ ብላኛለች፣ ቡሄውን ደግመህ እንድትዘፍንላትም ትፈልጋለች። እትዬ ሰብሌ አንገትህን አቅፋ ሰላም ትልሃለች። ጋሽ ደመቀ ይቅር በለኝ ልጄ፣ ዕድሜ ይስጥህ ብለዋል። ሄቨንና ኤባ ባያውቁህም ሰላም ብለውሃል። እኔ ግንባርህን፣ ሁለቱን ጉንጮችህን፣ ያንን የሚያምህን ጎንህን ሁሉ ስሜሃለሁ። እማዬ አጠገቤ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ስጽፍ እያየችኝ ነው። ለማን እንደሆነ ነግሬያታለሁ፤ ምን ልበልልሽ ስላትም ራሷን ነቅንቃ የቀሚሴን ጫፍ ያዘች። ለሞተ ሰው ሰላምታ አይላክም።

እህትህ ርሆቦት

ኮልፌ ቀራኒዮ፣ አስኮ
ግንቦት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.