የሎሚው መድኃኒትና የጋሽ ክንፉ ፎቶ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እኅቴ፣ ለእታለም ዋፋ፦

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ደረጃ መውጣቱን ተውሽው ወይስ አሁንም እንቢ ብለሽ ትወጫለሽ? ጋሼ ሰላሃዲንን ያ ሳል ለቀቃቸው? ልጆቹስ ደኅና ናቸው? ዝናቡ እንዴት አለፈላችሁ? እኔም ባለቤቴ ሀዲያም ከናፍቆታችሁ በቀር፣ አልሐምዱ ሊላህ፣ ደኅና ነን። ስልኩ ሁለት ቃል ሳንለዋወጥ እየተቋረጠ አስቸገረን። ነጋዴው ያዕቁብ ወደ መተማ ሊሻገር መሆኑን ስሰማ፣ አርፌ ልጻፍላት ብዬ ቁጭ አልኩ። እሱ ከመተማ በጎንደር መኪና ይልክልኛል።

መጨረሻ ስንነጋገር ፎቶ ቤቱን ዘግቼ፣ ዕቃውን ሸጬ እመጣለሁ ብዬሽ ነበር። አንቺም የጓሮውን ክፍል ኖራ አስቀብተሽ እንደምትጠብቂኝ ሰምቻለሁ። ልብሽ እንዳያዝንብኝ እፈራለሁ እንጂ ነገሩ ተለውጧል። እንዴት እንደተለወጠ ከሥሩ ልንገርሽ፤ ሰምተሽ ስትጨርሺ ከተቆጣሽኝም ተቆጪኝ።

ፎቶ ቤቱን ያቋቋሙት አያ እምባየ መሆናቸውን ታውቂያለሽ። አሁን አርጅተው ከሰላ ከተማ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ሲያስረክቡኝ ከካሜራውና ፎቶ ከሚታተምበት ማጉሊያ ሌላ አንድ ቁም ሳጥን ሙሉ ኔጋቲቭ ትተውልኛል። ከኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ፣ ከወድ ኤል ሒለው፣ ከዚሁ ከገዳሪፍ ከተማ እየመጡ የተነሡት ሁሉ እዚያ ውስጥ አሉ። ለብዙ ዓመት ማንም አልጠየቃቸውም። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ግን ከካርቱም የሸሸው ሰው፣ ቤቱ ተዘርፎ ስልኩም በመንገድ ተነጥቆ እዚህ ሲደርስ፣ ድሮ እናንተ ጋ ተነሥቼ ነበር፣ ይገኝ ይሆን እያለ ይመጣ ጀመር።

ጥቁርና ነጭ የሆነውን አትምላቸዋለሁ። የተቸገርኩት በቀለሙ ነው። ወረቀቱ በማቀዝቀዣ የቆየ ጥቂት አለኝ፤ የሌለኝ ማጠቢያ መድኃኒቱ ነው። እንደኔ ላለ ትንሽ ጨለማ ክፍል የሚሆነውን ጥቅል የሚያመርት ቀርቷል፤ ካርቱም ይሸጥልን የነበረው ሱቅም ከነሰፈሩ የለም። ኔጋቲቩን በስልክ አንሥቶ መገልበጥም ሞክሬ ነበር፤ ሰዉ ሁሉ ወባ የያዘው ይመስል ቢጫ ሆኖ ይወጣል። እመጣለሁ ያልኩሽ ያኔ ተስፋ ቆርጬ ነው።

ዕቃውን ማሸግ በጀመርኩበት ሳምንት አንድ ሽማግሌ ከሴት ልጃቸው ጋር መጡ። ጋሽ ክንፉ ይባላሉ፤ ካርቱም መካኒክ ነበሩ። ልጃቸው ማኅደር የፋርማሲ ትምህርቷ በጦርነቱ የተቋረጠባት ናት። እናቷ የሞተችው እሷ ጡት ሳትጥል ነው። የምታውቃት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በነበረ፣ ፀሐይ በልቶት ጥላ ብቻ በቀረው ፎቶ ነው። እሱም ከቤቱ ጋር ጠፋ። ያ ፎቶ ደግሞ የተነሣው እዚሁ፣ አሁን እኔ በምሠራበት ቤት ነው። ጋሽ ክንፉ ወንበር እንኳ ሳይዙ፣ «ልጄ፣ ፊቷ እየጠፋኝ ነው። ድምፅዋን አስታውሳለሁ፤ ፊቷን ግን ጠዋት ስነሣ ፈልጌ አጣዋለሁ» አሉኝ። ማኅደር ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። እኔም የታሸገውን ቁም ሳጥን መልሼ ከፈትኩ።

ባልና ሚስቱ አብረው የተነሡበት ኔጋቲቭ ተገኘ። እታለም፣ የቀለም ኔጋቲቭ አይተሽ ታውቂ እንደሆነ እንጃ፤ ሁሉ ነገር ተገልብጦ፣ በላዩም ብርቱካን ቀለም ፈሶበት ነው የሚታየው። ጥርስ ይጠቁራል፣ ጠጉር ይነጣል። ማኅደር ወደ ብርሃን ይዛ ብታየውም እናቷን ልትለያት አልቻለችም። አባትየው፣ «የለበሰችው እኔ ያሰፋሁላትን ሰማያዊ ቀሚስ ነው» አሉ። እኔም ጥቂት ይታገሡኝ አልኳቸው። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ምን ይዤ ነው ብዬ ደነገጥኩ።

የማጠቢያው መድኃኒት ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ ምስሉን ያወጣል፤ አንዱ ያንን ሥራ ያስቆማል፤ አንዱ ደግሞ ጥቁረቱን ጠርጎ ቀለሙን ብቻ ያስቀራል። የማስቆሚያው አላሳሰበኝም፤ የሰላጣ ኮምጣጤ ይበቃል። ምስሉን የሚያወጣው ግን በሌላ አይተካም። ደግነቱ ከገበያው ጀርባ ድሮ በማሽን ፎቶ ያጥብ የነበረ የተዘጋ ቤት አለ። ባለቤቱ መጋዘኑን ከፍቶልኝ ስንፈትሽ ለማሽኑ የሚሆኑ ትልልቅ ጠርሙሶች አገኘን። አብዛኛው ጠቁሮ ተበላሽቷል፤ ማኅተሙ ያልተነካ አንድ ካርቶን ግን ንጹሕ ነበር።

መከራው የሚጠርገው ነበር። እሱ ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛውን ከሆስፒታል አገኘሁት። ራጅ የሚያነሣው ሰለሙን፣ «ማሽናችን ወደ ኮምፒውተር ከዞረ ወዲህ የፊልም ማጠቢያው አቧራ ለብሶ ተቀምጧል» ብሎ ከአለቃው አስፈቅዶ ሰጠኝ። ሁለተኛው ብረት ያለበት ዱቄት ነው። እሱን ፖርት ሱዳን ድረስ ሰው ልኬ አስጠየቅሁ፤ የለም አሉ።

ያገኘችው ሀዲያ ናት። ግቢያችን ያለችው ሎሚ ቅጠሏ ቢጫ ሆኖባት፣ የባሱንዳ ገበሬዎች ከሚገዙበት የእርሻ መድኃኒት ሱቅ አንድ ዱቄት ገዝታ በውኃ እየበጠበጠች ታጠጣት ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እጇ ሸክላ ያቦካ መስሎ አየሁትና ምን ነክተሽ ነው ብላት፣ «የሎሚዋ ብረት ነው፤ አፈሩ ብረት ነፍጓት ነው የምትገረጣው አሉኝ» አለችኝ። ብረት ስትል ከረጢቱን ተቀብዬ ጽሑፉን አነበብኩ። በአሮጌው የፎቶ መድኃኒት ጠርሙስ ላይ ያለው ስም ራሱ ነው። ዓይኔን አላመንኩትም። ከረጢቱንና ጠርሙሱን ይዤ ማኅደር ዘንድ ሄድኩ። ጎን ለጎን አድርጋ ቀስ ብላ አነበበችና፣ «አንድ ናቸው፤ ለዛፉም ለፎቶውም አንድ ነው» አለች። ከማኅደር ጋር ወደ ቤት ስንመለስ ሀዲያ ይህን ሰምታ፣ «ለሎሚዬም አስቀሩላት እንጂ» ብላ ከረጢቱን ከእጃችን ወሰደችና ግማሹን በሣህን ሰፍራ ሰጠችን።

የመጀመሪያው ሙከራ የሚያሳፍር ነበር። የማሽኑ መድኃኒት በርትቶ ወረቀቱ ሁሉ ጉም ለበሰ፤ ነጭ መሆን ያለበት ሮዝ ሆነ። ወረቀቱ እያለቀብኝ ስለሆነ ልቤ ተሸበረ። ከሰላ ከተማ ላሉት ለአያ እምባየ ደወልኩ። መስመሩ እየተቆራረጠ፣ «ጨው፣ ጨው ጨምርበት» ሲሉ ሰማሁ። ጆሮዬ የተሳሳተ መስሎኝ ነበር። ለካ ማሽኑ አዲስ ሲሞላ ከመድኃኒቱ ጋር የሚገባው፣ ኃይሉን የሚቀንሰው ማለስለሻ ዋናው ነገሩ ጨው ኖሯል። ማኅደር አዮዲን የሌለበትን የባሕር ጨው በትንሽ ሚዛን እየመዘነች ጥቂት በጥቂት ስንጨምር ጉሙ ተገፈፈ። ሐሩሩም አገዘን። ይህ መድኃኒት ሞቅ ያለ ይወዳል፤ የገዳሪፍ ፀሐይ ገና አሁን ጠቀመችኝ።

ቀጥሎ ደግሞ ባልና ሚስቱ አረንጓዴ ሆነው ወጡ። ትክክለኛውን ቀለም በምን አውቃለሁ? ከኋላቸው የሚታየው የአያ እምባየ መጋረጃ ነው፤ ትራፊው ፀሐይ ሳያየው መደርደሪያ ሥር ተጠቅልሎ ኖሯል። ጨርቁ የወይን ጠጅ ቀለም ነው። በፎቶው ያለው መጋረጃ እጄ ላይ ካለው ጨርቅ ጋር እስኪመሳሰል የማጉሊያውን ማጣሪያ እየቀያየርኩ ደጋገምኩት። ለቀለም ቀይ መብራት እንኳ አይፈቀድም፤ እኔና ማኅደር በድቅድቅ ጨለማ ቆመን የምንሰማው የሣህኑን ውኃ ብቻ ነበር።

በመጨረሻ ታጥቦ የወጣውን ወደ ብርሃን ይዘነው ወጣን። ሴትዮዋ ሰማያዊ ቀሚስ አልለበሰችም። የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡትን ቶብ ነው የለበሰችው፤ ቀለሙ የበሰለ ማንጎ ይመስላል። ጋሽ ክንፉ ፎቶውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ኋላ፣ «ቀሚሱን ልብስ ሰፊው አላደረሰላትም። አልቅሳ ነበር። ጎረቤታችን የነበረችው ሱዳናዊት የራሷን ቶብ አውጥታ አለበሰቻት። እንዴት ረሳሁት?» አሉ። ከዚያ የጎረቤቲቱን ስም፣ የመጡበትን ጋሪ፣ አያ እምባየ አትሳቁ ሲሏቸው ይበልጥ መሳቃቸውን ሁሉ አንድ በአንድ ያወሩ ጀመር። ማኅደር እየሰማች ዓይኗን ከፎቶው አልነቀለችም። «የፊት ጥርሷ እንደኔ ፍንጭት ነው» አለች ቀስ ብላ። ይህን እስከዚያ ቀን አታውቀውም ነበር። ሀዲያ ወደ ጓዳ ገባች፤ እኔም የምሠራው እንዳለኝ ሆኜ ሣህኖቹን ማጠብ ያዝኩ።

ወሬው ካምፑም ገበያውም ደረሰ። ማኅደር ትምህርቷ እስኪቀጥል ከእኔ ጋር ትሠራለች፤ መመጠኑ የእሷ ነው። ጋሽ ክንፉም መብራት ሲጠፋ የምንሠራበትን የፀሐይ ባትሪ ጠግነውልናል። ሁሉም ይሳካል አልልሽም። ሻጋታ የበላው ኔጋቲቭ አለ፤ ፊቱን ሳላገኝለት የመለስኩት ሰው አለ። ካርቶኑም አንድ ቀን ያልቃል። ማኅደር ግን ዱቄቱን ለየብቻ አስመጥተን ራሳችን መቀመም እንችላለን ትላለች፤ አንድ የሚልክ ሰውም አፈላልጋ አግኝታለች።

እንግዲህ እታለም፣ ለመቆየት ወስኛለሁ። ፍርሃትሽን አውቀዋለሁ፤ እዚህ ሥጋት የለም ብዬ አልዋሽሽም። ነገር ግን ቁም ሳጥኑን ዘግቼ ብመጣ፣ አንቺ ጋ ቁጭ ብዬም እጄ እዚህ ይቀር ነበር። ክፍሉን ለተማሪዎች አከራዪው፤ ኖራው በከንቱ አይቅር። መንገዱ ሰላም ከሆነ ለዒድ እኔና ሀዲያ እንመጣለን፤ ያኔ ምድጃሽ አጠገብም ቢሆን አስተኚን። ዛሬ ጠዋት ሱቁን ስከፍት ሁለት ሴቶችና አንድ ሽማግሌ ደጃፉ ላይ ቆመው አገኘሁ። «ዘግቷል ብለውን ነበር» አሉኝ። ክፍት ነው፣ ግቡ አልኳቸው።

ለጋሼ ሰላሃዲን የአክብሮት ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ማታ ማታ ብርዱ ላይ እንዳይቀመጡ። ባሕሪያን ዓይኗን ሳሚልኝ፤ ፈተናዋን አሏህ ያግራላት። ኸድርን በርታ በይልኝ፤ አንቺን ማገዙን እንዳይተው። ለጎረቤቶችሽ ሁሉ ሰላም በይልኝ። ሀዲያ እጅሽን ትስማለች፤ ሎሚዋ አዲስ ቅጠል እንዳወጣች ንገርልኝ ብላለች። ዱዓሽ አይለየን።

ወንድምሽ ረድዋን

ገዳሪፍ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.