ወደ ውስጥ የሳብኳት አዎ

ለውድ እህቴ፣

እንደምን አለሽ? ልጆቹስ? ብርዱ ጉልበትሽን እንዴት አድርጎልሻል? እኔ ደህና ነኝ ብዬ አልጀምርም፤ እስካሁን የዋሸሁት ይበቃኛል። ስልክ አላነሳም ብትዪኝ ጊዜ ነው በደብዳቤ የመጣሁብሽ። ከኔ ሰፈር ከሊንደሩድ አንቺ ጋ ሆልምሊያ ድረስ መጥቼ በርሽን እንዳላንኳኳ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ፊትሽን ማየት ፈራሁ።

ማክሰኞ ማክሰኞ ቤተ መጻሕፍት ተሰብስበን እንደምናነብ ታውቂያለሽ። ያ ተማሪው ፊሊሞን የአንድ የድሮ እንግሊዛዊ ጽሑፍ አምጥቶ እየተረጎመ ያነብልናል። ሰውየው ስለ ትልቅ ነገር አይጽፍም። ስለ ወረፋ፣ ተውሶ ስላልመለሰው ጃንጥላ፣ በሽተኛ ጠይቆ ቶሎ ለመውጣት ስለሚፈጠር ሰበብ ነው የሚጽፈው። ባለፈው ማክሰኞ ግን ስለ ወዳጅ ነበር። ሰው ወዳጁን የሚክደው ጠላት ፊት ቆሞ አይደለም፣ ገበታ ላይ ነው ይላል፤ ጨዋታ እንዳይበላሽ ብሎ። አንድ ቀን እራት ላይ የልብ ጓደኛውን «ቋጣሪ ነው» እያሉ ሲያሙት እሱ ምን እያደረገ እንደነበር ታውቂያለሽ? ጨው ያቀብል ነበር። ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። እኔም አንቺ ስትታሚ ድንች እልጥ ነበር።

የት መሰለሽ? ከፋሲካ በኋላ ለማኅበሩ ድግስ እትዬ ዓለምጸሐይ ቤት ስንሠራ ነው። ያንቺ ነገር ተነሣ። «ልጅ ብቻዋን ለምታሳድግ ናቭ የሚሰጠውን የመንግሥት ድጎማ ልትበላ ብላ ነው ባሏን ያባረረችው» አሉ እትዬ። ጆኒ ጥሎሽ ማን ዘንድ እንደሄደ ከአንቺ ሌላ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ለልጆቹ ስትዪ ለማንም እንዳልናገር አስምለሽኛል። ግን «ዝም በይ» አልሽኝ እንጂ «አዎ በይ» አላልሽኝም! እትዬ ቀና ብለው «አይደለም እንዴ?» ሲሉኝ ያቺን ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብኳት። ያቺን «እ»፣ እየሰማሁ ነው ለማለት የምንስባትን። ኖርዌጂያኖቹም «ያ»ን እንደኛው ወደ ውስጥ ስለሚስቧት፣ የምሠራበት ባርነሃገ፣ ሕፃናት ማቆያው ውስጥ፣ ቋንቋ ሳልችል በትንፋሽ ብቻ ተግባባሁ ብዬ ስኩራራብሽ ትዝ ይልሻል። እትዬ ግን ምስክርነት አደረጓት። «ጓደኛዋ እንኳ አዎ ብላለች» ብለው ለፍሬ ነገሯት።

ፍሬ ልጇን ክርስትና እንድታነሺላት ገና ሳትወልድ ጀምሮ የለመነችው አንቺን ነበር። እትዬን በሰማች ማግስት ደወለችልኝ። «እውነት ነው?» ብትለኝ ኖሮ «ኔይ፣ ውሸት ነው» እላት ነበር፤ እምላለሁ። አላለችኝም። ሌላ ነገር ነው የጠየቀችኝ። አሁንም ያቺኑ ትንፋሽ ሳብኳት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ በማርያም!

ክርስትናው እሑድ ሆነ። ሕፃኗ ኤሊ ውኃው ሲነካት ቤተ ክርስቲያኑን በጩኸት አናጋችው፤ ሳንባዋ ጤነኛ ነው፣ ተመስገን። አንቺ ያሰፋሽላትን ቀሚስ ለበሰች። እጅጌው ስለረዘመባት እኔ አጠፍኩላት። ያንቺ መሆኑን እያወቅሁ ምንም አልመሰለኝም፤ ሁሉም ያሳፍረኛል፣ ይሄ ግን ይብሳል። ፎቶ ሲያነሡኝም ጥርሴን ገልጬ ነበር።

ትናንት ፍሬ ቤት ሄጄ የጆኒን ነገር ሳላወጣ «ስለ እሷ የተወራው ሁሉ ውሸት ነው» አልኳት። ልጅቷን እንዳቀፈች አለቀሰች። «ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?» አለችኝ። አሁን ምን እናድርግ ብላ ስትጠይቀኝም መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ ክርስትና አንዴ ነው፣ አይደገምም። ቅዳሜ ማኅበሩ ሲሰበሰብ እትዬ ባሉበት፣ በሁሉም ፊት እናገራለሁ። ይህን ግን ውለታ አድርጌ እንድትቆጥሪልኝ አይደለም የምነግርሽ።

ይቅር በይኝ ለማለት ገና አፍ የለኝም። እግዚአብሔር ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ቤትሽን ሰላም ያድርግልሽ፣ ስምሽ ሲነሣ ድንቹን አስቀምጦ የሚቆጣልሽ ወዳጅ ይስጥሽ። እህትሽ ብዬ ልፈርም ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ከእሑድ ወዲህ ሰው በሚጠራኝ ልፈርም።

የኤሊ የክርስትና እናት