ሳልሀን ጡት ያስጣልኩበት እሬት

ጥቅምት 3 ቀን 1948 ዓ.ም.

ሙቀቱ ዛሬም አልበረደም። ጠዋት እሬቶቹን ወደ ጥላ አዛወርኩ... ፀሐዩ ቅጠላቸውን አቅልቶታል። ዘጠኝ ጣሳ ሆነዋል። የጉድጓዱ ውሃ ጨዋማ ነው፤ አይስማማቸውም። የሩዝ እጣቢ በሳምንት አንዴ፣ እሱም ጥቂት። ውሃ ከበዛ ሥራቸው ይበሰብሳል። ይህን ያስተማረችኝ ጎረቤቴ ዙለይኻ ናት፤ ነፍሷን ይማር። ከወሎ ይዛ የመጣችው አንዲት ሥር ብቻ ነበር።

ልጇ ሳልሀ አጠገቤ አፈር ስትበትን ዋለች። አንድ ዓመት ከዘጠኝ ወሯ። ሲደክማት መጥታ ጠባች፤ እዚያው እቅፌ ውስጥ ተኛች።

ጥቅምት 9

የሳልሀ አባት ሀሩን በጠዋቱ ሱቁን ዘግቶ መጣ። በሥራ ሰዓት ዘግቶ አያውቅም። ደጃፍ ላይ ቆሞ ጫማውን ሲያይ ቆየ።

«እታለም እቴናት፣ ውለታሽን አላህ ይክፈልሽ። እህቴ ራዲያ ከጥዖ በባሕር ትመጣለች። ልጅቷን እሷ ወስዳ ታሳድጋት።»

«እኔስ አለሁ አይደል?»

«አለሽ። ግን አቶ አሥራት መንግሥት ወዳዘዛቸው ይሄዳሉ። ያኔስ?»

 ባሌ አሥራት የወደብ ጸሐፊ ነው፤ ነገ የት እንደሚመደብ ማን ያውቃል?

«እስክትመጣ ጡት አስጥያት። እሬቱ እንደሁ በእጅሽ ነው» ብሎኝ ሄደ።

ጥቅምት 10

የዛሬ ዓመት ከዘጠኝ ወር፣ ሁሉም በአንድ ሳምንት ነው የሆነው። ልጄ በሃያ ቀኑ ሞተ... ክርስትና ሳይነሳ። እኔን ትኩሳት ጥሎኝ ነበር፤ አሥራት ብቻውን ወስዶ ቀበረው። በአራተኛው ቀን ዙለይኻ በወሊድ ሞተች። ሀሩን ጨቅላዋን በሻሽ ጠቅልሎ አመጣት። ጡቴ ሞልቶ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። ተቀበልኳት። ምርጫስ ነበረኝ?

ጥቅምት 14

ጡቴን እሬት ቀባሁ። ሳልሀ ላሰችው፤ ፊቷን እንኳ አላጨማደደችም። ጠባች። ሀሩንን «እምቢ አለች፣ ምን ላድርግ?» አልኩት።

እዚህ ላይ እንኳ እውነቱን ልጻፍ። የሚመረው ከቅጠሉ ቆዳ ሥር የሚወጣው ቢጫው ፈሳሽ ነው። እኔ ቢጫውን አጥቤ፣ መሐሉን፣ ያን እንደ እንቁላል ነጭ ያለውን ብቻ ነው የቀባሁት። እሱ አይመርም።

ጥቅምት 15

ዛሬም እንደ ትናንቱ አደረግሁ።

ጥቅምት 22

ራዲያ በሳምቡክ፣ በባለ ሸራው ጀልባ፣ ገባች። ረጅም፣ ዝምተኛ ሴት። ሳልሀ ስታያት ቀሚሴ ውስጥ ተደበቀች። ደስ አለኝ... እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ከሰዓት በኋላ ስቀባ አጠገቤ ቁጭ ብላ ታየኝ ነበር። ጣቷን ሰዳ ነካ አድርጋ ቀመሰችው።

«ይሄማ አይመርም።»

ቅጠሉን ቀሚሴ ሥር ሸሸግሁት።  እሷ ግን አልተቆጣችም።

«ሁለት ወልጄ ሁለቱንም ቀብሬያለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ከሴት እቅፍ ልጅ መንጠቅ አልችልበትም። አንቺ ካልፈቀድሽ ባዶዬን እመለሳለሁ።»

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 24

ትልቁን ቅጠል ቆረጥኩ። ቢጫው እስኪንጠባጠብ ጠብቄ ቀባሁት።

ሳልሀ አፏን አስጠጋች... ተፋችው። ቀና ብላ አየችኝ። መጀመሪያ አላለቀሰችም፤ አየችኝ ብቻ። ከዚያ በትንሽ መዳፏ ልትጠርግልኝ ሞከረች። የቆሸሸ መስሏት ይሆን? እንደገና ቀመሰች። ያኔ ጮኸች።

ራዲያ ስኳር የገባበት ውሃ ይዛ ቆማ ነበር። ልጅቷ እጇን ወደሷ ዘረጋች።

ጥቅምት 29

ሳልሀና ራዲያ ሄዱ።

ሀሩን አንድ ነገር ለምኖኝ ነበር፤ ለዙለይኻ መቃብር እሬት። ከትልቁ ሥር የበቀሉትን ሦስት ትንንሾች ነቅዬ፣ ቁስላቸው እስኪደርቅ ሁለት ቀን ጥላ ውስጥ አቆየኋቸው። ዛሬ ጠዋት ሄደን ራስጌዋ ላይ ተከልናቸው። ሀሩን ዱዓ ሲያደርግ ሳልሀ ጠጠር ትለቅም ነበር።

ከዚያ ወደብ። ሳምቡኩ ሲርቅ በራዲያ ትከሻ ላይ ሆና ሸራውን ታያለች። እኔን አላየችኝም።

ኅዳር 3

ጡቴ አብጦ ድንጋይ ሆኗል። አሥራት ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክሮ ያስርልኛል። 

ኅዳር 12

ደረቀ።

ኅዳር 17

እሬቶቹን ካየሁ ሳምንት አለፈኝ። ውሃ የሚሰጣቸው አሥራት ነው፤ አብዝቶባቸው ሁለቱ በስብሰዋል። 

ዛሬ እሁድ ነው። ቁርስ ላይ ሳላስበው ከአፌ ወጣ... «ልጃችንን የት ነው የቀበርከው?» ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ጠይቄው አላውቅም። አሥራት ዳቦውን አስቀምጦ ባርኔጣውን አነሳ፤ ተከተልኩት።

መቃብሩ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ነው። ክርስትና ስላልተነሳ ውስጥ አላስገቡትም። ትንሽ የድንጋይ ክምር፣ ዙሪያውን ዛጎል ተደርድሮበታል። በዚህ ሁሉ ነፋስ አሸዋ ያለብሰዋል ብዬ ነበር፤ ንጹሕ ነው። የተጠረገ።

«ማነው የሚጠርገው?»

«እኔ። በየእሁዱ እመጣለሁ።»

በየእሁዱ! እኔ እኮ ከጓደኞቹ ጋር የሚውል ነበር የሚመስለኝ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

ባርኔጣውን በእጁ አዙሮ አዙሮ፣ «ልጅ ታቅፈሽ ነበር» አለኝ።

አሸዋው ላይ ቁጭ አልኩ። እሱም አጠገቤ ተቀመጠ። ፀሐዩ እስኪከር ድረስ አለቀስን። አብረን ስናለቅስለት ይህ የመጀመሪያችን ነው።