ካንሰር ብል ኖሮ

ውድ ወንድሜ ጋሼ ንጉሴ፣

አርባህ ካለፈ በኋላ መኪናህን ላስረክብ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ሄጄ ዳሽቦርዱን ስከፍት ያ ሰማያዊ ወረቀት ወጣ። እኔ ያሳተምኩት የምርመራ ጥሪ። አንተ መቼም የእኔን ነገር አትጥልም፤ የምረቃ ፎቶዬ እንኳ ከመኪናው ኢንሹራንስ ጋር ታጥፎ ተቀምጧል።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ሆስፒታላችን የሳንባ ካንሰር ምርመራ ላልደረሳቸው ሰዎች እንዳደርስ ኃላፊነቱን ሲሰጠኝ መጀመሪያ ያሰብኩት አንተን ነበር። ክሪስታል ሲቲ ምድር ቤት ፓርኪንግ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የመኪና ጭስ ስትስብ፣ በእረፍትህ ደግሞ የራስህን ሲጋራ ስታጨስ ኖርክ። እኔ የተማርኩት በዚያ ጭስ ነው። ምርመራው በነጻ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከነአስተርጓሚው እንዲሆን ከአለቆቼ ጋር ስንት ጊዜ ተጨቃጨቅኩ። ሁሉንም እሺ አሰኝቼ በአንዲት ቃል ወደቅኩ።

ካርድ ክፍል የምትሠራው ሀጀራ ረቂቁን አይታ ነግራኝ ነበር። "እትዬ ዕድላዊት፣ 'የሳንባ ነቀርሳ' ሲባል እኮ ሰው ቲቢ ነው የሚመስለው። ኮንፊውዝ ያደርጋል። ካንሰር ይበሉት በቃ" አለችኝ።

እኔ ምን ብላት ጥሩ ነው? "ካንሰር የፈረንጅ ቃል ነው፤ ንጹህ አማርኛ ይሁን።" ልጆቼ በእንግሊዝኛ የሚመልሱልኝ እኔ የቋንቋ ዘበኛ ሆኜ ቁጭ አልኩ። ለአንተም ቤትህ መጥቼ በአፌ እንደመንገር ወረቀቱን በፖስታ ላክሁልህ።

ቅዳሜ ማታ ደውዬ "ሄድክ?" ስልህ "እኔ ለቪዛ ተመርምሬ ነጻ ነህ ተብያለሁ፤ ለሌላው ይድረሰው" አልከኝ። ዲቪ ሲደርስህ አዲስ አበባ የተነሳኸውን የሳንባ ኤክስሬይ ማለትህ ነበር። የቲቢውን። ምን ማለትህ ነው ብዬ አልጠየቅሁህም። ፈርተህ ሰበብ የፈጠርክ መስሎኝ ተናድጄ ስልኩን ዘጋሁ። በዚያው ሳምንት ስብሰባ ላይ አማርኛ ተናጋሪዎች ለምን እንደማይመጡ ስጠየቅ "የእኛ ሰው ምርመራ ይፈራል" አልኩ። ሁሉም ራሱን እየነቀነቀ ጻፈ።

ከስምንት ወር በኋላ፣ ሳሉ አላስተኛህ ሲል፣ አልጋህ አጠገብ ቆሜ ሐኪሙ ያለውን ተረጎምኩልህ። ያን ቀን ካንሰር የሚለው ቃል ከአፌ ወጣ። አየኸኝና "ያኔ ካንሰር ብትይኝ ኖሮ እኮ በማግስቱ እሄድ ነበር፣ ዕድልዬ" አልከኝ። ተቆጥተህ አልነበረም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀብርህ ላይ ደግሞ ተሻገር፣ አብሮህ መኪና ያቆም የነበረው፣ ሊያጽናናኝ ብሎ ቀሪውን ነገረኝ። ወረቀቱን ፎቶ ኮፒ እያደረግህ ለሠራተኛው ሁሉ ታድል ነበር አሉ። "እህቴ ናት ያሳተመችው" እያልክ። ከዚያ ደግሞ "ለቪዛ ኤክስሬይ የተነሳችሁ ግን አያስፈልጋችሁም" ትላቸው ነበር። ጋሼ፣ እዚያ ፓርኪንግ ለቪዛ ኤክስሬይ ያልተነሳ ማን አለ?

ወረቀቱ አሁን ተስተካክሏል። አለቆቼ ለፈጣን እርምትሽ ብለው የምስጋና ኢሜይል ጻፉልኝ። ሳልጨርሰው አጠፋሁት። ሀጀራን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ እሷም አለቀሰች።

ነገ ጠዋት በሥራ መግቢያ ሰዓት አንተ ትቆምበት የነበረው መግቢያ ላይ እቆማለሁ። በፖስታ የምልከው ነገር የለም። ተሻገርን ጨምሮ እያንዳንዱን እጁን ይዤ "ይሄ ካንሰር ነው፤ የቪዛው ኤክስሬይ አያየውም" እለዋለሁ። ማን ነሽ ካሉኝም አንተ የነገርካቸውን እደግምላቸዋለሁ፦ ያሳተመችው እህቱ ነኝ።

ያልተቆጣሃት እህትህ፣
ዕድላዊት