ስለ ምርቃት ዘይት ለሲኞር ባልዳሪ

ይድረስ ለክቡር ሲኞር ባልዳሪ፣
በቡሬ የንግድ ጥበብ ማስተማሪያ ቤት ኃላፊና መምህር፣ የገበያውም የበላይ ሹም

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬን ከወገቤ ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ። የቡሬ ውርጭ ጉልበትዎን እንዳይዝብዎ፣ የውሻ ጩኸት እንቅልፍ እንዳይነሳዎ፣ ከሁሉም በላይ ሆድዎን እንዳያምዎ ዘወትር እመኛለሁ፤ በጤናዎ ጊዜ እንዲህ የሆኑ ሰው ቢታመሙ ምን ሊሆኑ ነው ብዬ እሰጋለሁና።

ይህን ደብዳቤ እንደ ወጉ በአስተርጓሚዎ በአቶ ገብረሰንበት እጅ ብቻ ልልከው አስቤ ነበር። ነገር ግን አቶ ገብረሰንበት ደግ ሰው ስለሆኑ ሻካራውን ቃል አለስልሰው፣ መራራውን አጣፍጠው ነው የሚያቀርቡልዎ። እሳቸው እንዳይደክሙ ስል አንዱን ግልባጭ በገበያው ዋርካ ላይ ለጥፌዋለሁ። ማንበብ የሚችል ለማይችለው ያነብለታል፤ ይህንንም ያለ ክፍያ ያደርገዋል።

ነገሩ የተበላሸው በአስተርእዮ ማርያም ማግሥት፣ ዘሩ ከክፍሉ ፊት ቆሞ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እኛ ሴቶች በወንፈል ተራ ገብተን ኑጉን ስንወቅጥ» ብሎ ባነበበባት ቅጽበት ነው። ዘሩ የአቶ ገብረሰንበት የእህት ልጅ ሲሆን ጢም ካወጣ ቆይቷል። ቀኑ እያንዳንዱ ተማሪ ያወጣውን የንግድ ዕቅድ የሚያነብበት፣ ዕቅዱ የተመረጠለትም ንግዱን የሚከፍትበት ፈቃድ የሚያገኝበት ቀን ነበር። ዘሩ ያነበበው ግን እርስዎ «ላርምልሽ» ብለው ወስደው ያልመለሱልኝን የእኔን ዕቅድ ነው። ከስሜ በቀር አንዲት ቃል አልነካም። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፤ ከኋላ አንዱ «እሜቴ ዘሩ፣ ሙቀጫዎ የት አለ?» ብሎ ጮኸ። እርስዎ ሳቁ የአድናቆት መስሎዎት ተነሥተው አጨበጨቡ። ተነሥቼ ዕቅዱ የእኔ ነው ባልሁ ጊዜም በአቶ ገብረሰንበት አፍ «ዋናው ነገር ሐሳቡ ከማን ራስ መውጣቱ ሳይሆን በማን እጅ መሠራቱ ነው» ብለው አስተማሩኝ። ለዚህም ዛሬ በተራ በተራ እመልሳለሁ።

፩ኛ. ስላስተማሩኝ ትምህርት ከልብ አመሰግናለሁ። አዲስ አበባ በሴቶች ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛና ሒሳብ ተምሬ፣ ጦርነቱ ትምህርት ቤታችንን ዘግቶ ወደ አገሬ ሲመልሰኝ የተማርሁ መስሎኝ ነበር። ነጋዴ ማለት ሌላው ያላየውን ቀዳዳ የሚያይ ሰው መሆኑን፣ ፈጠራ ማለትም በእጅ ያለውን ነገር ባልተለመደ መንገድ ማዋል መሆኑን የተረዳሁት ግን ከእርስዎ ነው። ከወንዶቹ ሁሉ ለይተው በበሩ አጠገብ ስላስቀመጡኝም አመሰግናለሁ፤ ነፋሱ እንቅልፍ ስለማያስወስድ ከክፍሉ ሁሉ ትምህርቱን ነቅቼ የሰማሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

፪ኛ. ዕቅዴን በሚመለከት። የሰፈራችን ሴቶች ኑጉን በየቤታቸው ያምሳሉ፣ ይወቅጣሉ፣ በፍል ውኃ አሽተው ዘይቱን ያወጣሉ፤ እጃቸው ይላጣል፣ የሚተርፋቸው ግን ጥቂት ነው። እኔ ያልሁት አንድ ቤት ይዘን፣ በበቅሎ የሚዞር የእንጨት መጭመቂያ አሠርተን፣ በወንፈል ተራ ገብተን እንሥራ ነው። ባላቸውን ጦርነቱ የወሰደባቸው እትዬ አቻምየለሽ በቅሏቸውን ሊሰጡ ቃል ገብተው ነበር። እርስዎ ይህን ዕቅድ እጅግ አሻሻሉት። ቤቱ የዘሩ ሆነ። በቅሎዋ «ለመንግሥት ሥራ» ተብላ ከእትዬ አቻምየለሽ ደጅ ተወሰደችና የዘሩን መጭመቂያ ታዞር ጀመር። ሴቶቹ ተራ መግባታቸው ቀርቶ ቀን ሠራተኛ እንዲሆኑ ተጠየቁ። እምቢ ሲሉም ከዘሩ በቀር በቡሬ ገበያ ዘይት የሸጠ ይቀጣል የሚል አዋጅ ተነገረ። ሌላው ያላየውን ቀዳዳ ማየት ይሏል ይህ ነው።

፫ኛ. ይህኛው ቅሬታ ሳይሆን ሐዘን ነው። ዘሩ ጦም ሊያዝ ሲል ቤቱን ከፈተ። ዐቢይ ጾም ጎጃም ውስጥ ምን ያህል ዘይት እንደሚጠጣ ለማንም አይነገርም፤ ሞኝ እንኳ በዚህ ወቅት ዘይት ይዞ አይከስርም። ዘሩ ግን የእርስዎ ጎበዝ ተማሪ ነው። እርስዎ በክፍል «የአገራችሁ ነጋዴ የሚደኸየው ሸጦ ካበቃ በኋላ በሚጨምረው ምርቃት ነው፤ ምርቃት ሽያጭ አይደለም፣ ከንግድ ውጭ የሆነ ስጦታ ነው፣ ከዕቅዳችሁ ሰርዙት» ብለው ነበር። ዘሩም ሰረዘው። በቆርቆሮ መለኪያው አፍ ላይ መስመር አሰምሮ፣ ዘይቱን እስከ መስመሩ ብቻ ቀድቶ፣ በማንቆርቆሪያው ጫፍ የተንጠለጠለችውን ጠብታ እንኳ በጣቱ ጠርጎ ይመልሳት ጀመር።

ክቡር ሆይ፣ እኔ በዕቅዴ ላይ ስለ ምርቃት ያልጻፍሁት ተረስቶኝ አልነበረም። ሰው ቤት እሠራለሁ ብሎ ሲያቅድ በር እንደሚኖረው አይጽፍም። የቡሬ ገበያተኛ ዋጋውን ከጨረሰ በኋላ «በሉ መርቁልኝ» ይላል፤ ሻጩም ትንሽ ጨምሮ ያወርድለታል። ያን ያልጨመረ ሰው የሸጠው ዘይት ይሁን እንጂ የሰጠው ስድብ ነው። የመጀመሪያው ገዥ ከማንኩሳ የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። «መርቅልኝ እንጂ ልጄ» ቢሉት ዘሩ «አባባ፣ ምርቃት ከንግድ ውጭ ነው» አላቸው። ሽማግሌው ማሰሯቸውን ገልብጠው ዘይቱን ወደ መለኪያው መለሱና «እንኪያስ እኔም ከንግድህ ውጭ ልሁን» ብለው ሄዱ። እስከ ምሽት ሌላውም ገዥ እንዲሁ ትቶት ሲሄድ ገበያው ሁሉ አይቷል። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለውን ዘሩ በዘይት ፈተነው።

፬ኛ. ከዚህ በኋላ ለሆነው ጥፋት ተጠያቂው ትምህርትዎ ነው። አዋጁ የከለከለው ዘይት መሸጥን ነው። ምርቃት ደግሞ ሽያጭ አለመሆኑን እርስዎ ራስዎ በክፍል አስተምረውናል፤ አቶ ገብረሰንበትም ይህንን ሳያለሰልሱ ነው የተረጎሙት። ስለዚህ በቀጣዩ ገበያ ሴቶቹ ከነጭ ሽንኩርት ነጋዴዋ ከእትዬ ጦይባ ዘንድ ሽንኩርት ተቀብለው ቁጭ አሉ። አንድ ራስ ሽንኩርት ለገዛ አንድ ፍንጃል ዘይት ይመረቅለታል። በእርግጥ ሽንኩርቱ ዋጋው ከወትሮው ከፍ ብሎ ነበር፤ ገዥ ግን አልተቆጣም። እትዬ ጦይባ «እኔ እድሜዬን ሙሉ ሽንኩርት ስሸጥ እንዲህ ሲወደድልኝ አይቼ አላውቅም፤ የጦማችሁን ሲሳይ አላህ ያብዛላችሁ» እያሉ ይስቁ ነበር። ፈጠራ ማለት በእጅ ያለውን ነገር ባልተለመደ መንገድ ማዋል ነው ያሉት ይህንን ካልሆነ ምኑን ኖሯል?

፭ኛ. ለዚህ ሥራችን ሽልማት ስጠብቅ ዘበኞች ላኩ። የሴቶቹን ገንቦ በእርግጫ ሰባበሩት፤ ዘይቱ በገበያው መካከል ፈሰሰ። እትዬ አቻምየለሽ «ሽንኩርቴ ምን አድርጎ ነው?» ብለው ስለጠየቁ ወደ ምሽጋችሁ ተወሰዱ። ልጆቻቸው ያለ እናት ቀሩ። እኔ ያን ሰዓት ገበያ ስላልነበርሁ አመለጥሁ፤ ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል። ለዚህኛው ምስጋና ብፈልግ አላገኘሁም።

፮ኛ. በመጨረሻም የቸርነትዎን ቃል አቶ ገብረሰንበት አድርሰውኛል። ዕቅዱ ከመጀመሪያውም የዘሩ እንደነበር፣ የሽንኩርቱንም ተንኮል ያመጣሁት እኔ እንደሆንሁ አምኜ ብፈርም፣ እትዬ አቻምየለሽ ይፈታሉ፤ እኔም በዘሩ ቤት ዘይት ቀጅ ሆኜ እቀጠራለሁ። አቶ ገብረሰንበት ይህን ሲነግሩኝ መሬት መሬት ያዩ ነበር፤ «ልጄ፣ ፈርመሽ ብትገላገይ ምናለ፣ እኔም እገላገል ነበር» አሉኝ። ያን ሌሊት ብዕሩን አንስቼ አስቀምጫለሁ፤ አልዋሽዎትም። ጠዋት ግን ስንቅ ያደረሰችላቸው የጎረቤት ልጅ የእትዬ አቻምየለሽን ቃል ይዛልኝ መጣች። «ታንጉትን እንዲህ በያት» ብለዋል፤ «በእኔ አሳበሽ ከፈረምሽ፣ ከዚህ ወጥቼም ደጅሽን አልረግጥ። ልጆቼን ጎረቤት ያበላልኛል፤ አንችን ግን ማን ያቃናሻል?»

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ የማልቀበለውን በግልጽ ልንገርዎ። ከራሴ የወጣውን የዘሩ ነው ብዬ አልፈርምም። በራሴ ዕቅድ በተሠራ ቤት ውስጥ ጠብታ ጠራጊ ሆኜ አልቀጠርም። የአንዲት እናት መታሰር የእኔ እጅ ማስፈረሚያ መያዣ እንዲሆን አልፈቅድም፤ እትዬ አቻምየለሽ የሚፈቱት ስላላጠፉ ነው፣ በቅሏቸውም የምትመለሰው የእሳቸው ስለሆነች ነው። የተማሪ ምስክር ወረቀቴንም ከዚህ ጋር መልሻለሁ፤ እርስዎ ሊያስተምሩኝ የቀረዎት ነገር ካለ ከገበያው እማረዋለሁ።

ከበር አጠገብ ተቀምጣ ትምህርትዎን ሁሉ የሰማች፣ ለደግነትዎ ብድር መላሽ ያድርጋት ዘንድ የምትጸልይ፣ አሁን ግን ዘበኞችዎ ሊመጡበት በማይደፍሩት አገር የምትገኝ፣

የቀድሞ ተማሪዎ
ታንጉት ዳኘው
መጋቢት ፳፪ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ያለ ፈቃድ ነጭ ሽንኩርት መሸጥም ሊከለከል መሆኑን ሰምቻለሁ። አዋጁን የሚጽፉበት ወረቀት ረጅም ቢሆን ይመረጣል፤ በቡሬ ገና ጨው አለ፣ ዝንጅብል አለ፣ አብሽ አለ፣ ጥቁር አዝሙድ አለ። ገንቦ ሠሪዎቻችንም ደህና ናቸው። እንዲሁም የዘሩ እናት ወይዘሮ ሀብትነሽ ገንቦው ከተሰበረ ወዲህ በዋለው ገበያ ከእትዬ ጦይባ ዘንድ አንድ ራስ ሽንኩርት ገዝተዋል። ማሰሮ ይዘው ነበር የመጡት። እስከ አፉ መርቀንላቸዋል።