ጥያቄ ዐሥራ አራት

የካቲት 11
ወደ ጋሞ ደጋ፣ ገረሴ ወጣን። ብርዱ አይጣል ነው! የጥናት ማዕከላችን ቅጽ ነው ለየትኛው ቀበሌ እህል እንደሚታደል የሚወስነው። እዚህ አርባ ቤት አለብኝ፤ ዛሬ ዘጠኝ ጨረስኩ። አስተርጓሚዬ ዳና የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ ወሬ አያበዛም።

የመጨረሻው ቤት የእማማ ማሚቱ ነው። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ገና ሳንቀመጥ ቅቅል ድንች በዳጣ አቀረቡ። ሲጣፍጥ! ጥያቄ 14... «ባለፈው ሳምንት የሚበላ ያጡበት ቀን ነበር?» ሳቅ ብለው በጋሞኛ መለሱ።

«ተመስገን፣ አልጠፋም ይላሉ» አለ ዳና።

«አላጡም» ላይ ምልክት አደረግሁ። ሲጨምሩልኝም በላሁ።

የካቲት 14
አርባው አለቀ። ሠላሳ ስምንቱ «አላጡም»። ኃላፊያችን ዶ/ር ተክለጻድቅ በስልክ፣ «ጎበዝ! ጥርት ያለ ዳታ» አሉኝ። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ።

መጋቢት 20
ሪፖርቱ ገባ። ቀበሌው «እርዳታ የማያስፈልጋቸው» ውስጥ ነው።

ግንቦት 6
ዳና ቢሮ መጣ። ተቀመጥ ስለው እምቢ አለ። ለጎረቤት ቀበሌ እህል ሲታደል የእነሱ ተዘለለ አለኝ።

«እማማ ማሚቱ ዘንድሮ አልዘሩም።»

«ለምን?»

«ዘሩን በላነዋ። ያ ድንች... ለዘር ያስቀሩት ነበር።»

«ያኔ ለምን ዝም አልክ?» አልኩት።

«እንግዳ ፊት ራበኝ ማለት ነውር ነው። አንቺ ደግሞ ያሉትን ተርጉም አልሽኝ እንጂ መች ሌላ ጠየቅሽኝ?»

እውነቱን ነው። ጓዳቸውን ዞር ብዬ እንኳ አላየሁም።

ግንቦት 7
ተመልሼ ልጠይቅ፣ ሪፖርቱ ይታረም አልኩ። ዶ/ር ተክለጻድቅ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሐሴት፣ ዳታው ተዘግቷል። ደግሞ ምን ብለሽ ልታርሚ ነው? ራሳቸው አልጠፋም ብለዋል።» ይልቅ ለጉባኤው የሚቀርበውን ስላይድ ጨርሺ አሉኝ።

ጨረስኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሰኔ 2
ዳና ደወለ። እማማ ማሚቱ አረፉ። ሆዳቸውን አሟቸው ነው ይባላል... ሌላ ምን ይባል?

ሰኔ 5
ለቅሶ ደረስኩ። ልጃቸው ኢየሩስ ከጨንቻ መጥታለች። ገና ሳልቀመጥ ሳህን አቀረበችልኝ። ቅቅል ድንች። ዳናን አየሁት፤ ቀና አላለም።

«ለእናንተ የሚበላ አላችሁ?» አልኳት።

ሳቅ ለማለት ሞከረች። «ተመስገን፣ አልጠፋም። ብይ እንጂ።»

ሳህኑን ይዤ ጓዳ ገባሁ። ሴቶቹ ደነገጡ፤ እንግዳ ጓዳ አይገባም። ጥግ ላይ አንድ ጆንያ፣ ባዶ። ድንቹን እዚያው አስቀመጥኩት። ከቦርሳዬ አዲስ ቅጽ አወጣሁ። ጥያቄ 14ን ማንንም ሳልጠይቅ «አጥተዋል» ላይ ምልክት አደረግሁ።

ለማን እንደምሰጠው አላውቅም።