በባዶው መሬት ላይ ሲግጡ ስለነበሩት ላሞች

ይድረስ «ሚዛን ጠባቂ» በሚል ስም ለሚታወቁት፣ ለተከበሩ የጋራ መዝገበ ዕውቀታችን አስተዳዳሪ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? የዓይንዎ ብርሃን፣ የወገብዎ ብርታት፣ በተለይም «ሰርዝ» የሚለውን ቁልፍ የሚጫነው ጣትዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ በገርጂ የምንገኘው ቤተሰቦች፣ ከአንድ ሰው በቀር፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

እኔ ሚስባህ ሰይድ እባላለሁ፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ማንም ሰው ገብቶ መጻፍና ማረም ይችላል በሚባለው የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀታችን ላይ ስለ ሰፈራችን የተጻፈውን ጽሑፍ የሰረዙት እርስዎ ስለሆኑ፣ የጻፈችውም ታላቅ እህቴ ኑራ ስለሆነች፣ እሷም ባለፈው ክረምት በኩላሊት ሕመም ስለሞተችብን፣ እኔም በመልእክት ሳጥንዎ እንዳልጽፍልዎ ስለዘጉብኝ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፣ ሰፈራችን ድሮ ምን እንደነበረ ስለነገሩን እናመሰግናለን። ኑራ «ቦታው ቡርቃ ሎኒ ይባል ነበር፤ በኦሮምኛ የከብቶች ምንጭ ማለት ነው፤ በምንጩ ዙሪያ የኦሮሞ ገበሬዎች ጤፍና ሽምብራ እየዘሩ ይኖሩ ነበር» ብላ የጻፈችውን አንስተው፣ በምትኩ «አካባቢው ግንባታ እስኪጀመር ድረስ ሰው ያልሰፈረበት ባዶ መሬት ነበር» የሚል አጭርና ንጹሕ ዓረፍተ ነገር አኖሩልን። ምንጭዎ ደግሞ እንደ ደንቡ የታተመ ነው፤ የአንድ ቤት ሻጭ ድርጅት የማስታወቂያ ብሮሸር። ፈልጌ አገኘሁት። ሽፋኑ ላይ ባዶው መሬት ከነፎቶው አለ። በባዶው መሬት ላይ ላሞች ይግጣሉ፤ አንደኛዋ አንገቷ ላይ ገመድ አለ። ከላሞቹ ኋላ የጭድ ክምር ይታያል፤ ከክምሩ ኋላ ደግሞ ጭስ። እኔ ተማሪ ስለሆንኩ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ምናልባት ላሞቹ በገመዱ እርስ በርስ ተሳስረው፣ ጭዱን ራሳቸው ከምረው፣ ምሳቸውን እያበሰሉ ይሆናል። ከሆነ ግን ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚገባው ጉዳይ ነውና እባክዎ ይጀምሩት።

ሁለተኛ፣ ስለ ምንጭ ላስተማሩን ትምህርት እናመሰግናለን። «የሽማግሌ ወሬ ማንም ስላላረጋገጠው ምንጭ ሊሆን አይችልም» ብለዋል። ኑራ የጠየቀቻቸው ሽማግሌ አባባ ረጋሳ ይባላሉ፤ ያንን መሬት ሲያርሱ ኖረው ዛሬ ከእኛ ኮንዶሚኒየም ጀርባ ባለች ቤት ይኖራሉ። እሳቸው ስለ ድሮ ነገር ብቻቸውን አያወሩም። በቤተሰባቸው ልማድ የድሮውን የሚያወራ ሰው ፊት ለፊቱ ተቃዋሚ ካልተቀመጠለት አፉን አይከፍትም፤ ተቃዋሚው ዝም ያለበት ነገር ብቻ እውነት ሆኖ ያልፋል። የአባባ ረጋሳ ተቃዋሚ የወንድማቸው ሚስት እማማ ድንቄ ናቸው። ኑራ መጀመሪያ የሄደች ቀን እማማ ድንቄ ሾላ ገበያ ወርደው ስለነበር አባባ ረጋሳ «የሚያስተባብለኝ ሰው የለም፤ ሌላ ቀን ነይ» ብለው መልሰዋታል።

በሌላው ቀን ድምፅ የቀዳሁት እኔ ነኝ። አባባ ረጋሳ ገና «ምንጩን ያጠረው አባቴ ነው» ከማለታቸው እማማ ድንቄ «አባትህ አጥሩን ሲደገፉት እንጂ ሲያጥሩት አላየሁም» አሏቸው። «አንቺ ያኔ ሙሽራ ነበርሽ፤ ዓይንሽን መች ከመሬት አነሳሽና!» ቢሏቸው፣ «አጥሩስ የቆመው ሰማይ ላይ ነው እንዴ?» ብለው መለሱላቸው። ምንጩን ያጠሩት ጎረቤቶች በደቦ እንደሆነ ሁለቱም እስኪስማሙ ድረስ ከሰዓቱ አለቀ፤ ኑራም የጻፈችው የተስማሙበትን ብቻ ነው። እናንተ ይህን «የውይይት ገጽ» ትሉታላችሁ። ልዩነቱ በእነሱ ውይይት ላይ ተቃዋሚው ፊቱ የሚታይ መሆኑ ነው።

ሦስተኛ፣ የሰፈሩ ተወላጆች ስለ ሰፈራቸው ገለልተኛ ሊሆኑ እንደማይችሉ፣ መሬቱን የሚሸጠው ድርጅት ግን ስለሚሸጠው መሬት ገለልተኛ እንደሆነ ስላስረዱን እናመሰግናለን።

አራተኛ፣ ለትዕግሥትዎ። ጽሑፉ ይሰረዝ አይሰረዝ በሚል ውይይት ከፍተው ኑራን ጠብቀዋታል፤ ከዚያም «ጸሐፊዋ በተሰጣት ጊዜ ውስጥ መልስ ስላልሰጠች እንደተስማማች ተቆጥሯል» ብለው ዘግተውታል። በዚያ ሳምንት እኛ ቤት በር ላይ ድንኳን ተጥሎ ነበር። በመዘግየቷ በእሷ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ነገር ግን ኑራ በዝምታ የተስማማችበት ነገር በቤታችን ታሪክ የለም። ሆስፒታል ተኝታ እንኳ ሐኪሙ «ጨው ቀንሺ» ሲላት «ይህን ያሉት በየትኛው ጥናት ነው?» ብላ ጠይቃዋለች፤ ሐኪሙም ጥናቱን አምጥቶላታል፤ አንብባ ሁለት ቦታ ላይ አስምራበት መልሳለታለች።

አምስተኛው ምስጋናዬ ከሁሉም ይበልጣል። የኑራን ጽሑፍ ከቤታችን ኮምፒውተር መልሼ ስለጥፈው ያን ዕለት አገዱኝ፤ ምክንያቱንም «ይህ ተጠቃሚ ራሷ ኑራ ናት፤ ስም ቀይራ ተመልሳለች» ብለው ጻፉ። ደጋግሜ አነበብኩት። ለእናቴ ግን አላሳየኋትም። ከለቅሶው ወዲህ ስንትና ስንት ሰው መጥቶ አጽናንቶናል፤ ተመልሳለች ያለን እርስዎ ብቻ ነዎት። ለዚህኛው ምንጭ ቢጠቅሱልን ደስ ይለናል። የታተመ መሆን የለበትም፤ ብሮሸርም ቢሆን እንቀበላለን።

የተከበሩ አስተዳዳሪ፣ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ የኑራን ጽሑፍ ወደ ቦታው ይመልሱት። እመኗት አላልኩም። ይቃወሟት፤ ከሥሯ «ይህ አከራካሪ ነው» ብለው በቀይ ይጻፉባት፤ እሷም ብትኖር ደስ ይላት ነበር። አባባ ረጋሳ ባለፈው ጠርተውኝ «ያንን የእህትህን ጽሑፍ ከስልክህ አንብብልኝ» ሲሉኝ መሰረዙን ለመናገር ተገደድኩ፤ በቦታው የተተካውን ግን አላነበብኩላቸውም። «ያኔ ከመሬቱ አነሱን፤ አሁን ደግሞ ከስልኩ አነሱን ማለት ነው» አሉ። እማማ ድንቄ ፊት ለፊታቸው ተቀምጠው ነበር። አልተቃወሙም።

የሥልጣን ዘመንዎ እንዲረዝም፣ ኔትወርክዎ እንዳይቆራረጥ፣ ስለ እርስዎም ሰፈር የሚጽፍ ሌላ ሚዛን ጠባቂ እንዳይታዘዝብዎ እየተመኘሁ፣ ከገለልተኝነትዎ ፊት ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ያገዱት ታዛዥዎ፣
ሚስባህ ሰይድ (ኑራ ያልሆንኩት)
ገርጂ፣ አዲስ አበባ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የታሪክ አስተማሪያችን ስለ ሰፈራችን አመጣጥ አንድ ገጽ ጽፈን እንድናመጣ አዞን ነበር። የአባባ ረጋሳ የልጅ ልጅ ሶሬቲ አብራኝ ነው የምትማረው፤ ከእርስዎ ገጽ ላይ «ሰው ያልሰፈረበት ባዶ መሬት ነበር» የሚለውን እንዳለ ገልብጣ አሥር ከአሥር አገኘች። አሁን ወረቀቱ ለአሳዳጊ ተነብቦና ተፈርሞበት ሰኞ መመለስ አለበት፤ አሳዳጊዋ ደግሞ አያቷ ናቸው። እስከዚያ ድረስ ጽሑፉን ካልመለሱት አባባ ረጋሳ እዚያ ቦታ ኖረው እንደማያውቁ በገዛ እጃቸው ይፈርሙልዎታል፤ ያን ጊዜ ከብሮሸሩ የተሻለ ምንጭ ይኖርዎታል።